ንጉሥ 6፣ እንጀራ 13

ከላሊበላ ከተማ፣ ዋሻ ውስጥ እስካለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮረኮንቹ እያንገጫገጨን ስንሄድ፣ አብሮን የተሳፈረው ወጣት አስጎብኚ ከፊት ወንበር ዞር ይልና፣ «ጋሼ፣ ብርቅ ቃል ካለዎት ይስጡኝ» ይለኛል። የዚህ አገር ልጅ ድሮ ከእንግዳ እስክሪብቶ ነበር የሚጠይቅ። ይኼኛው እስክሪብቶውን ከያዘ ቆይቷል፤ አሁን የሚለምነው የሚጻፈውን ነው።

ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ዳር ዳሩ ተበልቷል። ከየፈረንጁ የለቀማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት በግራ፣ ትርጉማቸው በቀኝ ተሰድሯል። «ዲፌነስትሬሽን፤ ሰውን በመስኮት መወርወር።» እ.ኤ.አ. በ1618 ፕራግ ላይ ሹማምንቱን በመስኮት የወረወሯቸው ጊዜ ስም ያገኘ ነገር ነው፤ ላስታ ውስጥ መቼ ሊጠቀምበት እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። ከሥሩ ደግሞ ሁለት መስመር የፈጀ 29 ፊደል፦ ፍሎክሲኖሲናይሂሊፒሊፊኬሽን። ትርጉሙ አንድን ነገር ከንቱ ነው ብሎ መናቅ። እኛ «ኤዲያ!» ብለን በሦስት ፊደል የምንገላገለው መሆኑ ነው።

ልስቅበት ከጅሎኝ ነበር። ነገር ግን እኔ ራሴ ስልኬ ላይ ስክራብል የሚባለውን ፊደል እየገጣጠሙ ቃል የመሥራት ጨዋታ ከፍቼ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር እየተፋለምኩ ነበርና ሳቄን ዋጥኩት። ስክራብልን ያወጣው አሜሪካዊው አልፍሬድ በትስ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራ ቢጠፋ ጊዜ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጥር ጀመር። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አነስተኛ፣ የማይገኘው ከፍተኛ ነጥብ ተሰጠው። እኛ ሥራ ስናጣ የምንቆጥረው የመንገደኛ ብዛት ነው፤ ያንን ደግሞ እስካሁን የገዛን የለም።

የስክራብል ሰው ቃል ያውቃል እንጂ ትርጉም አያውቅም። የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን መዝገበ ቃላት በቃሉ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛ ተጫዋቾችን ዋንጫ ወሰደባቸው። በ2024 ደግሞ ስፓኒሾቹን። እኔ እስከዚያ አልደርስም፤ የእኔ ጉራ ሌላ ነው። ከእኛ ሄደው እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገቡትን ቃላት እያሳደድኩ ነው የምጫወተው። እንጀራ አለ፣ ጤፍ አለ፣ ብር አለ፣ ጥንት እንገበያይበት የነበረው ታላሪ እንኳ አለ። ነጥባቸውን ያየ ግን ይታዘባል። ንጉሥ 6 ነጥብ ነው። ብርም 6። ጤፍ 10፣ እንጀራ 13። በዘመናት ውስጥ የኑሮ ውድነቱን በትክክል የተመነው ይህ ሰሌዳ ብቻ ይመስለኛል። ደግሞ ስኮትላንዶች ብር ሲሉ እየበረረ የሚያልፍ ነገር ድምፅ ማለታቸው ነው። የእኛውም ያው ብር ብሎ ነው የሚጠፋው።

ግእዝስ? የቋንቋው ስም የተጸውዖ ስም ነውና ጨዋታው አይቀበለውም። ዳሩ ግን በዚያው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጊዝ የሚል የመገረም ቃል አላቸው፤ የኢየሱስን ስም በአጭሩ መጥራት ነው አሉ። ለእሱ 14 ነጥብ ይሰጣሉ።

«ጻፍ» አልኩት ልጁን። ጻፈ።

ከመንገዳችን የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚሰማራበት ነው። እንግሊዞች ጌላዳ የሚሉት ከዚሁ ከጭላዳ ወስደው ነው (8 ነጥብ፤ ንጉሡን በሁለት ይበልጣል)። ተራራውን ሳይ አፌ ላይ የመጣች አንዲት ቃል ነበረች፦ ፕራይሜት። ትርጉሟ ሁለት ነው፤ አንዱ ሊቀ ጳጳስ፣ ሁለተኛው የዝንጀሮ ወገን። ይቺን አልሰጠሁትም። አንድ ቀን ጳጳስ ያስጎበኘና ጉድ ይፈላል።

ደግ ማድረጌን ያወቅሁት ዋሻው ውስጥ ነው። የጽዱን ጫካ አልፈን፣ ነጭ ልስንና ጥቁር እንጨት እየተፈራረቀ የተገነባው ያ ድንቅ ቤተ ክርስቲያን ፊት ስንቆም ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ቀድመውን ደርሰዋል። ልጁ ደረቱን ነፋና ከላሊበላ በፊት ስለነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ ይተርክላቸው ጀመር። «ይምርሐነ ክርስቶስ ታላቅ ትሮግሎዳይት ንጉሥ ነበር!» ሴትዮዋ ሳቋን በመሀረብ አፈነችው። ደብተሩ ላይ «ትሮግሎዳይት፤ ዋሻ ነዋሪ» ይላል፤ አልተሳሳተም። የዘለለው ቢኖር ቃሉ ዛሬ ኋላ ቀር፣ ደንቆሮ ተብሎ መሰደቢያ መሆኑን ነው፤ በሳይንሳዊው ስያሜ ደግሞ የቺምፓንዚ ስም ነው። ልጁ ሳያውቀው ተቀኘ፤ ሰሙ ዋሻ፣ ወርቁ ስድብ። ባልየውም ነገሩን ለማለሳለስ ብሎ ይመስለኛል፣ ንጉሥ የሚለው ቃል በአገሩ በጥንት ጊዜ ስኳርና ሎሚ የሚገባበት ትኩስ የወይን መጠጥ ስም እንደነበር አጫወተው፤ መጠጡ የተሰየመው ኔጉስ በሚባል ኮሎኔል ነው አሉ። ልጁ ይህንንም ጻፈ።

የሚገርመኝ፣ ዋድላ እዚሁ ጎረቤት ነው። የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተ ቁራሹን ለምኖ ይመለስና ማታ ግስ ያወርዳል፤ የግእዙን በዚህ፣ የአማርኛውን በዚያ። የልጁ ደብተር ያው ነው፤ መምህሮቹ ብቻ በየሁለት ቀኑ በአውሮፕላን ይሄዱበታል።

እኔስ? ከጉዞው በፊት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጽሑፍ ሳነብ «ርእሰ ህበይ» የሚል አይቼ ነበር። ርእሰ ደብር የሚባል ማዕረግ ስለማውቅ፣ ርእሰ ህበይም የቦታው ታላቅ አባት መሰሉኝ፤ እጅ መንሻ ይሆናል ብዬ ከአዲስ አበባ አንድ እሽግ ጧፍ ይዤ ነው የተነሳሁት። ፈረንጆቹ ሲሄዱልኝ በር ላይ የቆሙትን አረጋዊ ካህን መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባቴ፣ ርእሰ ህበይን የት ነው የማገኛቸው?» አልኳቸው።

አባ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ወጣ ወጣ ያሉትን የእንጨት ጫፎች አሳዩኝ።

«እነዚያውልህ። ህበይ እኮ ዝንጀሮ ነው ልጄ። የዝንጀሮ ራስ።»

«መንኪ ሄድ!» አለ ልጁ ከኋላዬ፤ እሱስ በእንግሊዝኛ ከጻፈው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶውን ቀስሮ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ህበይ በሃሌታው ነው በሐመሩ የሚጻፈው?»

ጧፉን ለአባ ሰጠሁና ጫማዬን ፍለጋ ወጣሁ።