ፊሽካ የሌላቸው ዳኞች

ትልቅ ጨዋታ ባለበት ማታ ዲምቱ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ዳኛ ሆኖ ነው የሚወጣው። አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሁሉ ዋና ዳኛ ነው፤ አራተኛ ዳኛ መሆን የሚፈልግ የለም። ቫር ሲታይ የአርሴናሉ ደጋፊ ከፊቱ ያለውን ሰው ኮፍያ አስወልቆ «ትከሻው ወጥቷል! ኦፍሳይድ ነው!» ይላል። የማንቼው ያንኑ ትከሻ ያያል፤ ለሱ ገና አልወጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩ ሲገለበጥ ትከሻውም አብሮ ይመለሳል።

የኛ ሰው ደግሞ ይግባኝ አያልቅበትም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ናይጄሪያን ስንገጥም፣ በመጀመሪያው አጋማሽ «መስመሩን አልፋለች» ያልናትና ያልጸደቀችልን ኳስ ክሷ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አግብቶልን እንደነበር፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ ካደረገ በኋላ በ90ኛው ደቂቃ በፔናሊቲ 2 ለ 1 እንዳሸነፈን የሚያነሳ ሲመጣ «እሱን ተወውና» ይባላል። በመልሱ ካላባር ላይ 2 ለ 0 መሸነፋችንንማ ማን ያነሳዋል! በዚያች በአንዷ ኳስ እኛ ብራዚል ደርሰናል።

«ያኔ ቫር ቢኖር ኖሮ!» የሚለው ሰው ያሳዝነኛል። ፊንላንዶች ቪዲዮውም ነበራቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኤስፖ በተባለች ከተማቸው የሴቶች አይስ ሆኪ ዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ከአሜሪካ ጋር 1 ለ 1 ሆነው በጭማሪ ሰዓት ፔትራ ኒሚነን አገባች። ሴቶቹ ዱላና ጓንታቸውን ወርውረው በረዶው ላይ ተቃቀፉ። ዳኞቹ ግን ቪዲዮ ሊያዩ ሄዱ፤ ጭፈራው እስኪበርድ ድረስ አዩት። ከዚያ «ግብ ጠባቂዋ ተነክታለች» ተብሎ ጎሉ ተሻረ። ያቺው ግብ ጠባቂ ደግሞ ተጋጣሚዋን ጠልፋለች ተብላ ተቀጣች! በመጨረሻ አሜሪካ በመለያ ምት አሸነፈች። ይህን ለአንድ የዲምቱ ወዳጄ ተርኬለት በጥሞና ከሰማኝ በኋላ «ሆኪ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዳኛው ግን ሌባ ነው» አለኝ።

ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ሲሆን «የኛ ልጅ!» ብለን ደረታችንን ነፍተናል። በሰፈር ሜዳ ፊሽካ የሚይዝ ሲጠፋ ግን ደረት የሚነፋ አይገኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት የሰፈር ቡድኖች ተጫማምተው ቆመዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ያጫውቱን!» «እኔ? ጉልበቴን ያመኛል።» «አንተስ?» «ወንድሜ እዚያ ቡድን ውስጥ ነው።» ማታ ማታ ለእንግሊዝ ሊግ ቅጣት ምት የሚያድለው ሁሉ ጫማውን ማሰር ጀመረ። መጨረሻ ላይ ከሶዶ ወደ ሐዋሳ የሚያልፍ አይሱዙ ጎማ ሊቀይር ሲቆም ረዳቱን ለመኑት። ከየትኛውም ሰፈር አይደለም፣ ዘመድም የለውም፤ ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ከየት ይመጣል?

ልጁ አላንገራገረም። ደህና እያጫወተ ቆይቶ፣ ዕረፍት ሊሉ ሲሉ አንድ ፔናሊቲ ሰጠ። እጅ ነበር፤ እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ። «ሌባ! ሌባ!» ሜዳው ተናወጠ።

ከዕረፍት ሲመለሱ አይሱዙውም ረዳቱም የሉም። ፊሽካዋም አብራ ሄዳለች።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ፣ «አላልናችሁም? ሌባ ነው!»