የውሻ ደምና የባለቤት ቃል

አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የምታውቀው የውሻ ላቦራቶሪ ምርመራ ውሻው ከሞተ በኋላ የሚደረገውን ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ በከተማዋ መኖሩ በይፋ የተመዘገበው በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በዚያው በ1903 አደልኪ ኔግሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በበሽታው በሞቱ እንስሳት የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥቃቅን አካላትን አግኝቶ የምርመራውን በር ከፈተ። ዘዴው በኋላ ረቅቆ፣ ቫይረሱን ለይቶ የሚይዝና በልዩ ብርሃን ሥር አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ያለው ፀረ እንግዳ አካል በናሙናው ላይ እየተጨመረ የሚታይ ሆኗል። ቢሆንም ናሙናው ያው አንጎል ነውና፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በጎረቤት ጉለሌ ወደሚገኘው፣ ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» ወደሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለምርመራ የሚሄደው የውሻው ጭንቅላት ነው። ሰው የነከሰ ውሻ ዕድል ከቀናው ለ10 ቀናት ተጠብቆ፣ ካልታመመ ነጻ ይወጣል፤ ዕድል ያልቀናውም ነጻነቱ በላቦራቶሪ ሊረጋገጥለት ይችላል፣ ምሥራቹ በሚነገርበት ሰዓት ጆሮዎቹ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ መሆናቸው የሚያጽናና ከሆነም ይጽናናል።

በሕይወት ያለ ውሻ ለራሱ ጤና ሲባል ደሙ የሚመረመርበት ሥራ ግን ሌላ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በአየር ጤና፣ በቤቴል፣ በዓለም ባንክ ወይም በአስኮ ከሚገኝ ግቢ በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ፣ ውሻው ከሩቅ በማየት ብቻ የጉብኝቱን ዓላማ ስለሚረዳ፣ የምርመራው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሕመምተኛውን ከመኪና ሥር ማውጣት ይሆናል። ከፊት እግሩ ደም ሥር የተቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ጥቂቱ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተደርጎ ሴንትሪፉጅ በሚባለው አሽከርካሪ መሣሪያ ለ5 ደቂቃ ያህል ሲሽከረከር ቀዩ ሕዋስ ከታች፣ ፈሳሹ ከላይ ይቀመጥና የቀዩ ድርሻ በመቶኛ ይነበባል። በጤነኛ ውሻ ይህ ድርሻ ከ37 እስከ 55 ከመቶ ሲሆን፣ ከዚያ መውረዱ የደም ማነስ ምልክት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው መብራት ካልጠፋ ነው፤ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ የጠፋ እንደሆነ በቱቦው ውስጥ የሚገኘው ነገር ደምም ውጤትም ያልሆነ መካከለኛ ጉዳይ ነው።

ደሙ ይህን ያህል መንገላታቱ አለምክንያት አይደለም። የሰው ሐኪም ሕመምተኛውን ይጠይቃል፤ የእንስሳት ሐኪም የሚጠይቀው ግን ባለቤቱን ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ በጉዳዩ ተከሳሽ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ምን እንደበላ ሲጠየቅ «የተለመደውን» ይላል፤ ስለ ክትባቱ ሲጠየቅ ሁሉንም እንደጨረሰ፣ ካርዱ ግን ቤት ሲለወጥ እንደጠፋ ያስረዳል፤ የእነርሱ ግቢ መዥገር የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ ሲምልም፣ መዥገሩ በውሻው ጆሮ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ዘበኛው እውነቱን ያውቃል፣ ነገር ግን በአሠሪው ፊት እንዲናገር የሚያስገድደው ሕግ የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ባለቤቱ የራሱን የምርመራ ውጤት ያቀርባል፦ «መርዝ አብልተውት ነው።» ባለቤት አልባ ውሾች በመርዝ ይገደሉ የነበረበት ጊዜ ሩቅ ባለመሆኑ ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ ባይባልም፣ ተጠርጣሪው ሁልጊዜ በአጥር ወሰን የተከራከረው ጎረቤት መሆኑ ግን ለሳይንስ እንግዳ የሆነ መመሳሰል ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት የሆነ እንደሆነ፣ ጎረቤቱን ነጻ የሚያወጣው ማይክሮስኮፕ ነው። ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በውስጣቸው ያለው የድኝ ውሁድ በውሻና በድመት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን ተሸካሚውን ፕሮቲን፣ ያበላሸዋል፤ የተበላሸውም ተጠራቅሞ በሕዋሱ ጠርዝ ላይ ጉብ ይላል። ጉብታው እ.ኤ.አ. በ1890 ስለ እርሱ በጻፈው ጀርመናዊ ሐኪም ስም የሃይንዝ አካል ይባላል፤ ልዩ ቀለም በተቀባ ስላይድ ላይም ጎልቶ ይታያል። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት፣ ለድመት 5 ግራም ያህል ብቻ ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ ስለዚህ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በ300 ግራም ይታመማል ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በኪሎ የሚከተፍ፣ ቁሌቱም ከሥጋው ይልቅ በድስቱ ግርጌ የሚተርፍ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ሒሳቡ አያስቸግርም። መብሰሉም መርዝነቱን አያጠፋውም። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ድስቱን ረስቶታል፤ ሐኪሙ «እትዬ፣ ወጥ ሰጥታችሁታል እንዴ?» ብሎ በትሕትና ሲጠይቅ የሚሰማው መልስም «ኧረ ትንሽ ፍትፍት ብቻ» የሚል ነው። ትል እንዲወጣለት፣ መዥገርም እንዲሸሸው ተብሎ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮለት ከሆነ ደግሞ፣ ውሻው በበዓሉም በሕክምናውም ተመርዟል።

መዥገሩ የራሱ ድርሻ አለው። ቡናማው የውሻ መዥገር ባቤዥያ የተባለ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስና በነጭ ሕዋስ የሚሰፍር ኤርሊኪያ የተባለ ባክቴሪያ ያስተላልፋል። የመጀመሪያው በስላይድ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ለሁለተኛው ጠብታ ደም ላይ በደቂቃዎች ውስጥ መስመር የሚያወጣ፣ አሠራሩ የእርግዝና መመርመሪያን የመሰለ ፈጣን መሣሪያ ይሻላል።

የድመት ነገር የባሰ ነው። ድመት ስትያዝ ስለምትደነግጥ፣ ድንጋጤውም የደም ስኳሯን ከመደበኛው በላይ ስለሚያወጣው፣ ውጤቱን በችኮላ ያነበበ ሰው ጤነኛዋን ድመት የስኳር ሕመምተኛ ሊያደርጋት ይችላል፤ ፍሩክቶሳሚን የሚባለው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ የተፈለገውም ለዚህ ነው። ደሟን በሰው ላቦራቶሪ አሳልፎ ለማስመርመር ማሰብም አያዋጣም፤ የሰው ቀይ ሕዋስ ስፋት ከ7 ማይክሮሜትር ሲበልጥ የእርሷ ወደ 6 ያህል ስለሆነ፣ ደም አርጊ ሕዋሶቿም ትልልቅና እርስ በርስ የሚጣበቁ ስለሆኑ፣ ለሰው የተስተካከለ ማሽን አንዱን ከሌላው ያምታታል።

ሰው ተሰልፎ በሚታከምበት ከተማ የውሻ ደም መመርመር ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ከጎረቤት አጥር ማዶ መሰማቱ አይቀርም፤ ተቃዋሚው ከመርዝ ክሱ ነጻ የወጣው በዚሁ ምርመራ መሆኑ ግን ሊነገረው ይገባል። ከአየር ጤና በአለም ገና አድርጎ ሰበታ ላይ ትልቅ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ዋናው ሥራው ግን የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የዶሮ በሽታ ነው፣ ይህች አገር በምን እንደምትኖር ለሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉ አያስከፋም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ሊነበብ ያልቻለ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ሐኪሙ ክሊኒክ ነው፤ ሲሄድም ቱቦው ላይ ስም ይጻፍበታል። በአንድ ሠፈር ብዙ ቡቺ፣ ብዙ ጃክ ስላለ ከውሻው ስም ጎን የባለቤቱ ስም መታከሉ ግድ ነው። የደም ማነስ መኖሩና ሽንኩርት የግድ መቆም እንዳለበት በስልክ ሲነገር፣ ስልኩን ያነሡት ወይዘሮዋ ከሆኑ፣ በዚያ ምሽት ያለ ሽንኩርት የተሠራው ወጥ ለማን እንደሚቀርብ ላቦራቶሪው ማረጋገጫ አይሰጥም።