ሰነፍ ብሆን ኖሮ ባረፍኩ

«ደከመኝ» ባልኩ ቁጥር «ማን ያልደከመው አለ?» የሚለኝ አላጣም። ሰሞኑን ተራው የእህቴ ባል ሆነ።

«ያንተ መቼ ነው የሚለቅህ?» አልኩት።

«ቅዳሜ አርፍጄ ስነሣ።»

«የኔ ቅዳሜ አርፍጄ ስነሣ ነው የሚጀምረው።»

እህቴ ለባሏ ደርሳ፣ «ሰነፍ ነሽ በቃ፣ ስም አታብዢበት!» አለችኝ። ምነው በሆንኩ! ሰነፍ እኮ የታደለ ፍጡር ነው። ሲተኛ ያርፋል፣ ሲነሣ ይበላል፣ ሥራ ሲያይ መልሶ ይተኛል። እኔ ሥራው ያምረኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኝቼ የምነሣው ግን ሌሊቱን እንጨት ሲፈልጥ እንዳደረ ሰው ነው።

ለማያውቀኝ፣ 38 ዓመቴ ነው። ጭንቅላቴ ኦቲዝምም፣ ትኩረት የሚበትነው ኤዲኤችዲም አለበት፤ አንዱ «ከቤት አትውጪ» እያለኝ ሌላው ቁልፉን ረስቶ ወጥቷል። በዚያ ላይ ሥር የሰደደ ድካም የሚባለው ሕመም መጣ። ይህን ስም ያወጡለት አሜሪካኖች ናቸው፣ በ1988 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ፤ መቀነስ ራሱ ጉልበት ነው)። ስሙን ሳየው ያወጣው ሰው ራሱ ደክሞት ነበር እላለሁ። ስኳር በሽታን «ሥር የሰደደ ጥም» ብሎ እንደ መጥራት ነው።

«ውጤትሽ በሙሉ ንጹሕ ነው፤ ጤነኛ ነሽ» አለኝ አንድ ሐኪም ወረቀቱን እያገላበጠ። ደም ማነሱም፣ ታይሮይዱም፣ ስኳሩም ታይቷል።

«ተመስገን! እንግዲያው ነገ ቢሮ ውጤቴ ይግባልኝ፣ እኔ ልተኛ» አልኩት።

አልሳቀም። እነዚያን አስቀድሞ ማየቱስ ልክ ነው። ይህን ሕመም ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን እስካሁን የለም፤ ሐኪም የሚይዘው ታሪኩን ነው። ስድስት ወር ያለፈው፣ እረፍት የማይመልሰው፣ እንቅልፍ የማያድሰው፣ ትንሽ ከሠሩ በኋላ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ የሚጥል ድካም።

ሰው የማይገባው ይቺ «በሠልስቱ» ናት። ልጆች ሆነን የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እናሰጣው አልነበር? ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ይነሣል። የመጀመሪያውን ዘፈን እንደ አዲስ ያንቆረቁራል፣ በሁለተኛው ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት ይጠፋል፣ ዜናው መሐል ላይ ጭጭ። ለቅሶ ቤት የምታገኙኝ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ነው። ጭጭ ስል የሚያየኝ ፍራሼ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ባለፈው ጓዳ ድረስ ገብተው፣ «እሑድ ለቅሶው ላይ ሽር ጉድ ስትዪ አይቼሽ አልነበር? ዛሬ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው የተኛሽው?» አሉኝ።

«እሑድን ሆኜ ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬማ ማክሰኞ ነው!»

«አዎ፣ ሂሳቡ አሁን ደረሰ።»

ኤዲኤችዲው ደግሞ «ይብቃሽ» የሚል ደወል አልተገጠመለትም። አንድ ቀን መሳቢያ ላስተካክል ብዬ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የቁምሳጥኑ ዕቃ በሙሉ ወለል ላይ ፈሷል፣ እራት አልበላሁም፣ መሳቢያው እንደነበረ ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ተኛሁ። ዕቃው ሁለት ሳምንት።

የአጎቴ ልጅ ጂም ይሠራል። ያገኘውን ሁሉ ጂም ያዛል። «ስፖርት ጀምሪ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት፤ ላቡ ሲወጣ ይለቅሻል» አለኝ። እንግሊዞችም ለዚህ ሕመም ዓመታት ሙሉ እንዲያ ሲሉ ኖረው፣ የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ አውጪ በ2021 «እየጨመሩ ማንቀሳቀሱ ለእነዚህ ሰዎች ሕክምና ተብሎ አይሰጥ» ብሎ ተወው። «ከመቅደላ የወሰደችውን ስንቱን ነገር አልመልስም ያለች አገር ይህን ከለቀቀች፣ አንተን ምን ያዘህ?» አልኩት።

«ጭንቀት ነው፤ ሴቶች ታበዙታላችሁ» የሚሉኝም አሉ። ለነሱ አንድ ታሪክ አለኝ። በ1955 ለንደን ሮያል ፍሪ በሚባለው ሆስፒታል ከ200 በላይ ሠራተኛ፣ አብዛኛው ሴት፣ በዚሁ ዓይነት ሕመም ወደቀ፤ ሆስፒታሉም ተዘጋ። በ1970 ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች መዝገቡን አገላብጠው፣ አንዲት ታማሚ ሳያነጋግሩ፣ «ሂስቴሪያ ነው» ብለው ጻፉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ከታመሙት የበዙት ሴቶች መሆናቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከዓመት በፊት፣ በ1969፣ ሕመሙን ከነርቭ በሽታዎች ጎራ መድቦታል። ሰውን ሳያይ ሕመሙን የሚነግር ባለሙያ እኛም አገር አለ፤ እኛ ግን ሐኪም አንለውም።

«ኦቲዝም እንኳ የልጆች ነው፣ አንቺ ትልቅ ሴት…» አሉኝ አንድ ጋሼ።

«ልጆቹ አድገው የት የገቡ ይመስልዎታል?»

ዘሚ የኑስ «ጆይ» የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አዲስ አበባ ላይ የከፈተችው በ2002 ነው። ያኔ ሰባት ዓመት የነበረ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ደርሷል፤ ጢም አውጥቷል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጆሮውን ይዞ ቆሟል። እኔ ደግሞ የትም ሳልመዘገብ ያደግሁ ነኝ። ሰው ዓይን ውስጥ አላይም፤ አንገቴን ደፍቼ ነው የማወራው። በሌላ አገር ቢሆን ሐኪም ይጠራልኝ ነበር። እዚህ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» እየተባልኩ ሃያ ዓመት ተመረቅሁ። ጨዋነቴ ችግር የሆነው የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይን ማየት፣ በሰዓቱ መሳቅ፣ «እንዴት ነህ? ልጆች እንዴት ናቸው? እማማስ?» ማለት ተለማመድኩ፤ አሁን ማንም አይለየኝም። ማንም እንዳይለየኝ የምከፍለው ግን ከዚያችው ከተሰጣችው ባትሪ ድንጋይ ላይ ነው። «ምንም አትመስዪም እኮ!» ሲሉኝ እንደ ሙገሳ ይቆጥሩታል። እኔ እንደ ደረሰኝ ነው የምቀበለው።

ክሪስቲን ሚሴራንዲኖ የምትባል አሜሪካዊት በ2003 ጥሩ ነገር ጽፋለች። ሉፐስ አለባት። ምግብ ቤት ጓደኛዋ ሕመምሽ እንዴት ነው ብትላት፣ ከየጠረጴዛው ማንኪያ ሰብስባ ሰጠቻትና «የቀኑ ጉልበትሽ ይህ ነው፤ ልብስ በለበስሽ ቁጥር፣ በታጠብሽ ቁጥር አንድ መልሺ» አለቻት። ለእህቴ ነገርኳት። «እኛ በእጅ ነው የምንበላው» ብላ ዘጋችው።

«እሺ፣ በጉርሻ ቁጠሪልኝ» አልኳት። «ጠዋት አሥር ጉርሻ ይሰጠኛል። ገላ መታጠብ አንድ፣ ታክሲ ሁለት፣ ስብሰባ አራት። ከቀረው ሦስት ላይ አንቺ ‹በሞቴ› እያልሽ አፌን ታስከፍቺኛለሽ። ልዩነቱ፣ ያንቺ ጉርሻ ያጠግባል፤ የኔ ይቀንሳል።»

ዝም አለች። ማታ ሳህን አጥባልኝ ሄደች። እንዲህ የሚገባት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከአሥር ዓመት በፊት በምግብ እነግራት ነበር።

ደኅና ነው የምኖረው፣ አትዘኑልኝ። ሽንኩርት የምከትፈው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ስልኬ በየሃያ ደቂቃው ይጮሃል፤ ሲጮህ ሳይደክመኝ አርፋለሁ፣ ከደከመኝማ ረፍዷል። ቡና አቦል ጠጥቼ እነሣለሁ፤ በረካ የቀረባት ሴት እየተባልኩ ነው፣ ይባል። ከእድር ስብሰባ የቀረሁበትን ቅጣት እንደ ቤት ኪራይ በጀት ይዤለታለሁ። ታክሲ ውስጥ ጆሮዬን በስፖንጅ እደፍናለሁ። ወያላው አንዴ፣ «እናት፣ ምን እየሰማሽ ነው?» አለኝ።

«አንተን አለመስማት።»

ሳቀና ቴፑን ቀነሰልኝ። እስካሁን ካገኘሁት ሕክምና ጥሩው እሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ በሦስት ቀን ጻፍኩት፣ ግማሹን ተኝቼ። የምትመልሱልኝ ተረብ ካላችሁ አትደውሉ፤ ጽፋችሁ ላኩ። ሐሙስ አነበዋለሁ።