ተከራይን ስለ ማሰናዳት

በአዲስ አበባ ከተማ የሚከራይ ቤት ማሰናዳት ማለት ግድግዳ መለሰን፣ ጣሪያ መክደንና ውሃ ማስገባት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ እርሱ ገና ከአከራይነት ጥበብ ደጀ ሰላም ያልደረሰ ጀማሪ ነው፤ ምሥጢሩ የተገለጠላቸው ነባር ባለይዞታዎች እንደሚያውቁት ቤቱ እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚሰናዳው ተከራዩ ነው። ቤት ማደስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይጠይቃል፣ የሁለቱም ዋጋ የማይቀመስ ሆኗል፤ ተከራይን ለማደስ ግን የሚያስፈልገው ግልምጫ ብቻ ስለሆነ፣ አስተዋይ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ መናገር አያሻም።

ሰርቪስ የሚባለው ክፍል እንደሚታወቀው የትውልድ ሐረጉ የተከበረ ነው። በቀድሞው ዘመን ባለጠጎች በቪላቸው ጓሮ ለወጥ ቤቷ፣ ለዘበኛውና ለአሽከሩ ማደሪያ እንዲሆን ያሠሩት ነበር፤ አሽከሩ በነጻ ያድርበት በነበረው ክፍል ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የደመወዙን እኩሌታ እየከፈለ ያድርበታል፣ ትምህርት ሰውን ከፍ ያደርጋል ሲባል የኖረውም ይህን ለማለት ሳይሆን አይቀርም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት በሆነ ጊዜ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ከነጭራሹ እንዲቀር ተደንግጎ ነበር፤ ግንኙነቱ ግን በወረቀት ሞቶ በጓሮ ተነሣ።

ለክፍሉ የሚደረገው ዝግጅት አጭር ነው። አንዱ ክፍል በቺፕውድ ተከፍሎ ሁለት ይሆናል፣ ኪራዩም አብሮ ሁለት ይሆናል፤ የጎረቤት ሳልና ጸሎት በግልጽ መሰማቱ ማኅበራዊ ኑሮን ያጠነክራል ተብሎ ይታመናል። ሻጋታው ከባለቤቶቹ ሳሎን በተረፈው ቀለም ይሸፈናል፣ ይህም «ሙሉ እድሳት የተደረገለት» ይባላል። ኮርኒሱ የተቀዳደደ ማዳበሪያ ተሰፍቶ የተወጠረ ሲሆን፣ ጽሕፈቱን ወደ ታች አድርጎ መወጠር ይገባል፤ እንቅልፍ ያጣ ተከራይ በጀርባው ተንጋልሎ «የተጣራ ክብደት 50 ኪሎ ግራም» የሚለውን ደጋግሞ ሲያነብ፣ በቀኑ ስንት ኪሎ እንደ ከሳ ያሰላስልበታልና። ደላላው «ፀሐይ የሚገባባት ምርጥ ቤት» ሲልም ይዋሻል ማለት ኀጢአት ነው፤ ፀሐይዋ በቆርቆሮው ሽንቁር በእርግጥ ትገባለች፣ ሰኔ ሲብት ደግሞ በዚያው መንገድ ዝናቡ ይተካታል።

ዋናው ድካም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። አባ ጳኩሚስ ለመነኮሳት ሥርዓት በሠሩ ጊዜ መናንያኑ ወደ በአታቸው ሲገቡ ዓለምን ንቀው እንደነበር ይታወቃል፤ የእኛ ተከራይ ግን ዓለምን ሳይንቅ ስለሚመጣ፣ ንቀቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስተማር የባለቤቲቱ ፈንታ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ምጣድ አለሽ?» ይላሉ እትዬ፣ ከበረንዳቸው ሳይነሡ።

«ኧረ የለኝም እትዬ፣ እንጀራ የምገዛው ከውጭ ነው።»

«ጎሽ። ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ምጣድ አልወድም። ቤተ ዘመድስ?»

«እናቴ ናት አልፎ አልፎ ከክፍለ ሀገር የምትመጣው።»

«እናት ክቡር ናት፤ ብቻ ከሁለት ሌሊት እንዳታልፍ፣ ሽንት ቤቱ ይሞላል። በሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይቆለፋል።»

ውሃ በፈረቃ የመጣች ዕለት አስቀድሞ የእትዬ በርሜሎች፣ ቀጥሎ የእትዬ ምንጣፍ፣ ኋላም የእትዬ ጽጌረዳዎች ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የተከራይዋ ጀሪካን ግን ለነፍሷ ትዕግሥትን እየተማረ በወረፋው መጨረሻ ይቆማል። እንዲህ ስድስት ወር የቆየች ልጅ በጣቷ ጫፍ መራመድ፣ በሹክሹክታ መሳቅና አምፖል ከማብራት መታቀብ ሁሉ ባሕርይዋ ይሆናል። ይህን የመሰለ ትሩፋት በገዳም እንኳ የሚገኘው ከረጅም ተጋድሎ በኋላ ነው፤ ያውም ገዳም የወር ኪራይ አይጠይቅም።

ሕግ አውጪዎች ይህን መንፈሳዊ ትምህርት ባለማስተዋል ይመስላል፣ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1320ን አውጥተው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገጉ። የእኛ ባለይዞታ ሕግ አክባሪ ስለሆነ በውሉ ላይ ሁለት ወር ብሎ ያስጽፋል፣ የቀረውን አራት ወር በአደራ ስም በእጁ ይቀበላል፤ አደራ ደግሞ በሃይማኖት የተከበረ ነገር ስለሆነ ደረሰኝ አይቈረጥለትም። የ2 ዓመቱ ነገር ሲከብደው ሁልጊዜ ከውጭ ሊመጣ ጥቂት ቀን የቀረው ልጅ አለው፤ ልጁ ያንኑ ሰርቪስ እንደሚፈልግ፣ አሜሪካ ያለው ሰፊ ቤት እንዳልተስማማውና የማዳበሪያ ኮርኒስ እንደ ናፈቀው በሐዘን ተነግሮ ተከራይዋ ዕቃዋን ታወጣለች፣ የተረፈው ቀለም እንደገና ይቀባል፣ ኪራዩም ይጨመራል። በዚህ ልጅ ስም እስካሁን ሦስት ተከራዮች ለቅቀዋል፤ አራተኛው ትናንት ቀብድ ከፍሏል።