አሳው በፖርቶ መጋላ ላይ

ከነፋስ መውጫ ቦዮች ሃይላንድ ለቃቅሜ ሰው የሚያክል አሳ ሠራሁ። ሲማዳ ላሉ ተማሪዎች ስለ ባሕር ብክለት ላስረዳበት ብዬ ነው። መንገዱን ያሳየኝ አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ነው፤ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ከሚገኝ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ የሚሠራቸው ሥራዎች ቬኒስ ድረስ ሄደው ታይተዋል። የተጣለን ነገር አንስቶ፣ የጣለው ሰው ራሱ ቆሞ እንዲያየው የሚያደርግ ጥበብ ደስ ይለኛል።

አሳው ወደ ሲማዳ በሚሄደው ቅጥቅጥ ፖርቶ መጋላ ላይ ታሰረ። ግንቦት ማብቂያ ነበር። አርብ ገበያን አልፈን ወደ ወገዳ ስናቀና ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣና ገመዱን በጥሶ አሳውን ከመንገዱ በታች ጣለው። ረዳቱ ጮኸ፣ ሾፌሩ አቆመ፣ የተሳፋሪው ግማሽ ወርዶ አብሮኝ ሮጠ። ጭንቅላቱንና ሆዱን አተረፍን። ጅራቱን ግን ጎርፍ ይዞት ሄደ።

ያዘንኩት ለእጅ ሥራዬ አይደለም። ጎርፉ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። የዚያ አገር ውኃ በሽሎ ይወርዳል፣ በሽሎ ዓባይ ይገባል። ከጉና በስተምዕራብ ያለው በርብና በጉማራ ጣና ይደርሳል፤ የላይ ጋይንት ሰሜኑ ደግሞ ወደ ተከዜ ነው። ሁሉም መጨረሻው ናይል፣ ከዚያም ሜዲትራኒያን ነው። ሕዳሴ ወይም አስዋን ግድብ ቢያስቀረው እንኳ የሚቀረው ሌላ ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ነው።

አንዲት ትውልዳቸው እስቴ የሆነ እናት «አይዞህ ልጄ፣ ወዲህ በለው» አሉኝና ወስፌ አወጡ። ከማዳበሪያ ከረጢት ክር እየመዘዙ የተቀደደውን ሰፉት። እጃቸው የለመደ የስፌት እጅ ነው፤ በዚሁ ክር ሰፌድም ሌማትም ይሰፉበታል። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥበብ ያልኩት ነገር እሳቸው ቤት ከቆየ ሰንብቷል። እየሰፉ «ይኼ ፌስታል ጊደሬን ጨረሰብኝ» አሉ። ከስታ ከስታ ሞተች፤ ሆዷ ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘ።

አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል የከለከለው በ1999 ዓ.ም. ነበር። በ2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጠበቅ ባለ አዋጅ ከለከለ። በመካከሉ 18 ዓመት አለ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የገበያችን ጨውና ሽንኩርት በፌስታል እየተቋጠረ ኖሯል፣ ከብቱም ቋጠሮውን ሲውጥ ኖሯል። ይህ ያንገበግበኛል።

ወገዳ ደርሼ የባሕሩን ነገር ስናገር ተማሪዎቹ በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። የጊደሯን ስነግራቸው ክፍሉ ተንጫጫ፤ የእኛም ላም፣ የአጎቴም በሬ፣ የጎረቤታችንም በግ ተባለ። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ጋሼ፣ አሳ አናውቅም፤ ለምን ጊደር አናደርገውም?» አለች።

ክንፎቹን ፈታን። የጀሪካን እጀታ ቀንድ ሆነ፣ የማዳበሪያ ገመድ ጅራት። ሆዱን ሳንዘጋ ተውነው፤ ልጆቹም ከጓሮ የለቀሙትን ፌስታል እያመጡ ይጠቀጥቁበት ጀመር።