እግር ማስክ የለውም

«ጥቁር ሰውን የቆዳ ካንሰር አይይዘውም፤ እሱ የፈረንጅ ነው» አለ፣ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ካሉት የቀለም መሸጫዎች በአንዱ ተቀጥሮ የሚሠራው ጎረቤታችን፣ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ።

«ቦብ ማርሌን ምን ገደለው?» አለችው ቡና የምታፈላው።

«ጋንጃ ነዋ!»

«እግሩ ነው፣ የኔ ጌታ። አንተ በዘፈኑ ስትጨፍር እሱ ያነክስ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ግን ልክ ነች። እ.ኤ.አ. በ1977 ማርሌ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ ብዙ ሰው የኳስ ጉዳት መስሎት ነበር። በ1980 በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፣ በዓመቱ ሜይ ላይ በ36 ዓመቱ ሞተ። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚያዘወትረው ፀሐይ የማታየውን ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። «እኔን ፀሐይ አይነካኝም» እያለ የሚኮራ ሰው ውስጥ እግሩን አገላብጦ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ይቺ ሴት ቀን ቀን አንዲት የቆዳ ሐኪም ቤት ሸገል (ሥራ) ትገባለች። ሐኪሟ ከባልደረቦቿ ጋር ስትጫወት ሻይ እያቀረበች የሰማችውን ማታ ለእኛ ከቡናው ጋር ታቀርበዋለች፤ ስኳሩን ቀንሳ።

ጊዜው የኮሮና ክረምት ነው። ካርቱም የተዘጋችው ሚያዝያ 10 ቀን 2012፣ ቀዳም ስዑር ዕለት ነበር። ዶሮው ታስሮ፣ ቅቤው ተነጥሮ ሳለ ድልድዮቹ ተዘጉ። ኦምዱርማን ዘመድ ጋ ሊፈስክ ያሰበ ሁሉ ሳጃና ቀረ። (ሦስት ዓመት ቆይቶ ጦርነቱም የፈነዳው ቀዳም ስዑር ዕለት ነው፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015። ካርቱም የኖረ ሐበሻ ከዚያ ወዲህ ዶሮ ከመግዛቱ በፊት ዜና ያዳምጣል።)

ቀለም ሻጩ አልተረታም። «እሺ ይያዘን። ግን ሰው ትንፋሽ አጥቶ እየሞተ አንቺ ስለ ቆዳ ታወሪያለሽ? ቆዳ ይቆያል!»

«እከክ ይቆያል። ካንሰርን ግን ከሻ አደረግኸው እንዴ፣ በር ዘግተህ ሲያልፍ የምትወጣው?»

ከሻ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፦ ፖሊስ ሰፈር ከብቦ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለውን ሐበሻ በመኪና እየጫነ የሚወስድበት አፈሳ ነው። በከሻ ቀን ሳጃና ውስጥ ከአልጋ ሥር ብዙ ሰው ይገኝ ነበር። ሜላኖማ ግን አልጋ ሥር ገብቶም ያድጋል፤ አደጋው የሚለካው በሚሊሜትር ጥልቀት ነውና ጥቂት ወር ቀላል ነገር አይደለም።

«በአውሮፓ እኮ ዘንድሮ የቆዳ ካንሰር ቀነሰ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ አንዱ ከጥግ።

«ቆጣሪው ቤቱ ተቀምጦ ነዋ!»

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ አገር አዲስ የተመዘገበው ሜላኖማ ያነሰው በሽታው ስለራራ ሳይሆን የሚያየው ሐኪም ስለታጣ ነው። በሩ ሲከፈት ከገቡት አንዳንዶቹ ዕጢው ጠልቆባቸው ነበር። እንግዲህ ያ መዝገብ ያለበት አገር ነው። ካርቱም ላይ መከላከያ ልብስ የጠፋባቸው ሐኪሞች ተማረው፣ ብዙ የግል ክሊኒኮች ዘግተው፣ ከክፍለ አገር የሚያመጣው አውቶቡስም ቆሞ ነበር። ጨረር የሚፈልግ ሱዳናዊ ዋነኛ መሄጃው ያኔ ካርቱም ወይም ወድ መደኒ ነበር። በየት አድርጎ ይሂድ? ዘግይቶ የመጣውንስ ማን ቆጠረው?

አዲስ አበባም ከዚህ የተሻለ ትኩረት ለቆዳ አልሰጠችም። ሁለቱ ከተሞች የመጀመሪያውን ታማሚ ያስታወቁት በአንድ ቀን ነው፣ መጋቢት 4 ቀን 2012። ዘነበ ወርቅ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ተብሎ የተመሠረተ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ግን መሣሪያውን ለአፍንጫ ናሙና አዋለ። አልተሳሳቱም፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ግን አፍንጫ ሲመረመር ቆዳ ወረፋ መያዙን የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እሱ ደግሞ የቡና አፍይዋ ሥራ ሆነ።

«መድኃኒቱንም ወሰዱት» አለች። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ማለቷ ነው፣ ሉፐስ ያለበት ሰው በየቀኑ የሚውጠው። በማርች 2020 ትራምፕ አወደሰውና በየአገሩ ከመድኃኒት ቤት ጠፋ።

«ትራምፕ ሉፐስ አለበት እንዴ?»

«የለበትም። ማይክ ነው ያለበት።»

የአሜሪካ መንግሥት በማርች መጨረሻ ለኮሮና ፈቅዶት በጁን 15 ፈቃዱን አነሳ። በመካከሉ የሉፐስ ታማሚ ክኒኑን እየቆጠረ ከረመ።

«ምርምር ቆመ ግን አትበይ» አለ ቀለም ሻጩ። «የኮቪድ ጣት የሚባል ነገር አግኝተዋል፣ የሰው ጣት ሐምራዊ ይሆናል። ፎቶውን ስልኬ ላይ አይቻለሁ።»

«የማንን ጣት?»

«የ... ፈረንጅ።»

«በእኛ ላይ ሐምራዊው ምን እንደሚመስልስ አሳዩህ?»

ዝም አለ። ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። በዚያው ዓመት አንድ የእንግሊዝ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኮሮና ምክንያት ቆዳ ላይ የሚወጣውን የሚያሳዩ 130 ፎቶዎች ሰብስቦ ነበር። 120ዎቹ ነጣ ያለ ቆዳ ናቸው፤ ከሁለቱ በጣም ጥቁር የቆዳ ዓይነቶች አንድም ፎቶ የለም። በቀለም መሸጫ ቋንቋ፣ ካታሎጉ ነጭ ብቻ ነበር።

ክሬሙ ግን አልተቋረጠም። ይሄ የገረመኝ ነገር ነው። ድንበር ተዘግቶ፣ ዳቦ በሰልፍ ሆኖ፣ ፊት የሚያቀላው ኸልጣ (ድብልቅ ክሬም) በየሱቁ ነበር። ብዙው ውስጥ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን አለበት፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ከፀሐይ የሚከላከለውንም ቀለም ይቀንሳል። በጁላይ 2020 ዩኒሊቨር «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የሚለውን የክሬሙን ስም «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» እንደሚያደርገው አስታወቀ።

«ስሙን እንኳ አስተካከሉ» አለች አንዲት ልጅ፣ ፊቷ ከእጇ ሁለት ደረጃ የነጣ።

«እኛም ሱቅ ነጭ አለ» አላት ቀለም ሻጩ፣ «ጋሎኑ ካንቺ ቱቦ ይረክሳል።» በዚያ ማታ የተናገረው ደህና ነገር ይቺ ብቻ ነች።

«የእኔ ሐኪም በዋትሳፕ ነው የምታየኝ» ብላ መለሰች ልጅቷ። ያኔ ዓለም ሁሉ የቆዳ ሐኪም በስልክ ማየት ጀምሮ ነበር፤ ክፉ ዘዴም አይደለም። ችግሩ መብራት በጠፋበት ክፍል የተነሣ ፎቶ ነው። ይባስ ብሎ አንዷ ወዳጃችን የእግሯን ቁስል በማሳመሪያ ፊልተር አንሥታ ላከችው። ሐኪሟ «እግርሽ በጣም ያምራል፣ ቁስሉስ የታለ?» ብላ መለሰችላት አሉ። ፎቶው ደህና ሲሆንም ሐኪሙ ሊጠረጥር ይችላል እንጂ ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ስልኩ አይሠራለትም።

እስካሁን ዝም ብለው ያዳመጡ ጋሼ ነበሩ። ከአርማጭሆ ተነሥተው ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭዱ ዓመታት የቆዩ፣ ኋላ ካርቱም የገቡ። በዚያ ሙቀት ግራ እግራቸው ላይ ብቻ ካልሲ አለ።

ቡና አፍይዋ ካልሲውን አየችው። «ጋሼ፣ ገዳሪፍ እሾህ ወግቶዎት ያውቃል?»

«ገዳሪፍ እሾህ ያልወጋው ማን አለ?»

ሱዳኖች ነብት ይሉታል፣ ሐኪሞቹ ማይሴቶማ። የቆዳ ካንሰር አይደለም፤ ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ በእሾህ ቀዳዳ ገብቶ፣ ዓመታት ቆይቶ እግር ያሳብጣል፣ ይበሳል፣ ከቀዳዳው ጥቃቅን ፍሬ ይወጣል፣ በመጨረሻ አጥንት ይበላል። ከካንሰሩ ጋር አንድ የሚያደርገው መነሻው ላይ አለማመሙ ነው። ሰውም ስላላመመው ይቆያል፣ እግሩ ሲቆረጥ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ካርቱም ደቡብ ሶባ ላይ ግን የፕሮፌሰር አሕመድ ፋሃል የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ከ1991 ጀምሮ ታማሚ ሲያይ ነበር። በ2017 ለፈንገሱ ዓይነት በዓለም የመጀመሪያውን እውነተኛ የመድኃኒት ሙከራ የጀመረው ይኸው ማዕከል ነው። በየቀኑ፣ ለዓመት የሚዋጠውን ውድ ክኒን በሳምንት አንዴ በሚወሰድ ሊተካ። 104 ታማሚ ተመዘገበ፤ ምዝገባው የተዘጋው በ2020፣ ኮሮና ገብቶ ሳለ ነው። ዓመት ሙሉ የሚከታተሉትን ታማሚ፣ መንገድ በተዘጋበት ከተማ፣ ውጤቱ 2022 ላይ እስኪነገር ድረስ ይዘው ዘለቁ። ለዚህ ሰዎቹን ማድነቅ ይገባል፣ ተረብ የለበትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ማዕከሉ ፈረሰ፤ ከ40 ዓመት በላይ የተጠራቀመው ናሙናና መረጃ አብሮ ጠፋ። ኮሮና ያልቻለውን ሰው ቻለው።

ያን ማታ ግን ሶባ ገና ቆሞ ነበር፣ ድልድዮቹም ተከፍተው ነበር። ሴትዮዋ ሦስተኛውን ቀድታ ጋሼን ካልሲ አስወለቀቻቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ሥር ያበጠ ነገር፣ ሁለት የደረቁ ቀዳዳዎች። ቀለም ሻጩ እንኳ ስኒውን አስቀመጠ።

«ነገ ሶባ ይሄዳሉ» አለቻቸው።

«ምን ብዬ ልሂድ ልጄ? በዚህ የበሽታ ጊዜ፣ ሰው በሚያስልበት ደጃፍ! አላመመኝም እኮ!»

«እሱኑ ይንገሯቸው ጋሼ። ‹አብጧል፣ ተበሳስቷል፣ ግን አያመኝም› ይበሉ፤ ከሚጮኸው ሁሉ ያስቀድሙዎታል።»