«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ አጥልቁት!»

የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ውስጥ የሐበሻ ቤት ግብዣ አዲስ ሥርዓት ወጥቶለታል። ዶሮው ይበላል፣ አቦልና ቶናው ይጠጣል፤ በረካው ሳይደርስ አባወራው ከቤዝመንት ነጭ መነጽር ይዞ ብቅ ይላል። ቪአር ነው። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ አጥልቁት!» እንደ ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ እንደ ጉርሻም «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል።

ማጥለቁስ ባልከፋ፤ የሚገርመኝ ምርጫው ነው። መነጽሩ ውስጥ ስንት ነገር አለ! ቁጭ ብለው የሚያዩት ባሕር አለ፤ ከቆሙበት ሳይለቁ የሚጫወቱት ቢት ሴበር የተባለ ጨዋታ አለ። ጋባዡ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ለጀማሪ የሚከፍተው ያንን ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘግ የመዝናኛ ባቡር ነው። እንግዳዋ ትጮሃለቻ! ጩኸቷ ደግሞ ለቲክቶክ ይሆናል።

እንግዳዋ እትዬ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ሹሩባቸው ላይ ግማሽ ኪሎ የሚያህል ዕቃ ይታሰርባቸዋል፤ ኩዌስት 3 የተባለው የሜታ መነጽር ብቻውን 515 ግራም ነው። «አያለሁ፣ ግን ብዥ ይልብኛል» ይላሉ። ከመነጽሩ ሥር የሁለቱን ሌንሶች ርቀት ከሰው ዓይን ጋር የምታስተካክል ትንሽ መዘውር አለች፤ ማንም አይነካትም። በቤቱ ልጅ ዓይን ልክ ተቀምጣ የእትዬን ዓይን ታደክማለች። ባቡሩ ይነሳል። መጀመሪያ «ኡኡ!» ይላሉ፤ ቤቱ ይስቃል። ቀጥሎ ምራቃቸውን ደጋግመው ይውጣሉ፣ የላይኛው ከንፈራቸው ላብ ያወጣል፣ ዝም ይላሉ። መነጽሩ መውለቅ ያለበት ይኼኔ ነበር። ቤቱ ግን «ወደዱት!» ብሎ ያጨበጭባል።

በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ፤ ጭንቅላታችን መዞሩን ለአእምሮ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። የእትዬ ጆሮ «ሶፋ ላይ ነን» ሲል ዓይናቸው «ገደል ገባን» ይላል። ሚሼል ትሬይስማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው መላምት፣ አእምሮ እንዲህ ያለ ተቃራኒ ወሬ ሲደርሰው ሰውዬው መርዝ የበላ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሆድን ባዶ ለማድረግ ይነሳል። መላምቱ ያከራክራል። እውነት ከሆነ ግን የቤቱ እመቤት ባትሰማው ይሻላል፤ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ያደረችበትን ዶሮ የእንግዳዋ ሆድ እየጠረጠረው ነው ማለት ነዋ።

አንድም ሰው «መነጽሩ አመመኝ» አይልም። አንዷ «ቡናው ጠንክሮብኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «ዓይን ነው» ትላለች። ከሁሉ የሚያስቀኝ «የዴንቨር ከፍታ ነው» የሚለው ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እየኖረ ከፍታ አዞረኝ ይላል!

በሽታው ለእኛ አዲስ አይደለም። በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሁሉ ሎሚ አሽትቷል፣ ፌስታል አዘጋጅቷል፣ መስኮት ይከፈት አይከፈት ብሎ ተጣልቷል። ሾፌሩ ግን ሲያስታውክ ያየ የለም። ኩርባው ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል፤ መሪው በእጁ ነው። መነጽሩ ውስጥ ባለው ባቡር ደግሞ ሁሉም ተሳፋሪ ነው፣ ሾፌር የለም። የሠሩት ሰዎች ይህን አላጡትም፦ ብዙ ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ በመራመድ ፈንታ ካለበት ቦታ ወደሚፈልገው ብድግ ብሎ ይዛወራል፣ ሲንቀሳቀስም የምስሉ ዳር ዳር ይጨልምለታል። የሜታ መደብር ጨዋታዎቹን «ምቹ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ብሎ ይለያል። አባወራው የዋጋውን ቅናሽ እንጂ ይህቺን ጽሑፍ አያነብም። እትዬ ሲገረጡም መድኃኒቱ «ቻል ያድርጉት፣ ይለመዳል» ነው። ይለመዳል፤ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ፣ ማዞሩ ሲጀምር እያቆሙ ነው እንጂ እንግዳ ሶፋ ላይ ታስሮ አይደለም።

ደግሞ ይህ ሁሉ ለተራራና ለገደል ነው። ከኦሮራ በአይ-70 ወደ ምዕራብ ቢነዱ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እውነተኛው ተራራ አለ። ዓመታት እዚህ ኖሮ የሮኪ ተራሮችን ከቤዝመንት ብቻ የሚያይ ሰው አውቃለሁ።

ለጋባዦች የምለው አለኝ። ለጀማሪ ባሕሩን ክፈቱለት፣ መዘውሯን አዙሩለት፣ ዝም ሲል አውልቁለት። አምራቹ ራሱ በማስጠንቀቂያው ማዞሩ ሳይለቅ መኪና እንዳይነዳ ይላል፤ እኛ ቤት ግን መነጽሩ በወለቀ በአሥር ደቂቃው ስንብት ተደርጎ ቁልፍ ይነሳና አይ-225 ላይ ይወጣል። አደራ፣ እትዬ እስኪለቃቸው ጋደም ይበሉ፤ ካልሆነም አንዳችሁ ነድታችሁ ቤታቸው አድርሷቸው።